የማር ጣት

ፎገራ ላይ ውሃው ሲሸሽ እረፍት የሚባል ነገር የለም። ክረምቱን ሐይቅ መስሎ የከረመው ሜዳ በጥቅምት መጨረሻ ጥቁር መሬቱን ያወጣል። ጭቃው ሳይደርቅ ጓያና ሽምብራ ለመዝራት ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፤ በየጉብታው ተጨናንቆ የከረመው ከብት እየቦረቀ ወደ ሜዳ ይወርዳል። በ1956 ዓ.ም.፣ በዚሁ ሰሞን፣ ጥሩብርሃን አድማሴም እረፍት አጥታ ነበር። የእሷ ግን ከእርሻ የመጣ አልነበረም።

ከቁሐር ሚካኤል በላይ ባለው ጉብታ ላይ የረጅም ሜትር ጫፍ ይዛ ቆማለች። ሌላውን ጫፍ የያዘው ደሳለው ማናዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። መሥሪያ ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የነበሩትን ምሽጎች፣ ሳይፈርሱ በፊት፣ እየለካ በወረቀት እንዲያሰፍር ልኮታል። በጉብታው አናት ላይ ጣሊያኖች በድንጋይና በስሚንቶ የሠሩት ምሽግ አለ። ከሱ ትይዩ፣ ዝቅ ብሎ፣ አርበኞች በዶማ የቆፈሩት ምሽግ ሣር ለብሶ ይጠማዘዛል። የመንገድ ሠራተኞች ከላይኛው ድንጋይ እየፈነቀሉ መጫን ጀምረዋል፤ የታችኛውን ከብት እየረገጠ ይደፍነዋል። ደሳለው ሥዕሉን አድርሶ ካልላከ እንዳይነካ የሚከለክለው ትእዛዝ አይመጣም።

የቀጠራቸው ሠራተኞች ሜትሩን ባዩ ማግስት ጥለውት ጠፉ። ጥሩብርሃን መጀመሪያ ያየችው ብቻውን ሆኖ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ አስይዞ ሲሮጥ፣ ድንጋዩ ሲንከባለልበት፣ ተመልሶ ደግሞ ሲያስይዝ ነው። እሷ የወረታ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ከሥራ ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለሰው በዚያው ጉብታ ሥር ነው።

«ከድንጋይ ሰው አይሻልህም?» ብላ ጮኸችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ ጫፉን የምትይዘው እሷ ሆነች።

ባሏም አስተማሪ ነበር። በወባው ዓመት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ድምፅ አውጥታ ጠርታው አታውቅም፤ ሰው ሲያነሣውም ሥራ ያለባት መስላ ትነሣለች። ልቧ እንደገና እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ሜትሩ ሲወጠር የደሳለው እጅ እንቅስቃሴ እስከ ጣቷ ድረስ ይሰማታል። ቀና ስትል እያያት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ቁጥሩን ይረሱና እንደገና ይለካሉ።

«ጥሩ! አጥብቀሽ ያዥለት እንጂ!» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ጎረቤታቸው ቢሻው ነበር፤ ዶማውን ተሸክሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሽቅብ ያያቸዋል። «የአባትሽ ርስት እንዳያመልጠው!»

«ምሽግ ነው የሚለካው፣ ጋሼ ቢሻው።»

«እሱንማ እናውቃለን! ሲጀመር ምሽግ ነው፣ ሲያልቅ ቃላድ ነው!»

እየሳቀ ሄደ። ጥሩብርሃን ግን አልሳቀችም። ቃላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ በፎገራ ርስተኛ ዘንድ ስሙ ብቻ ሰው ያስነሣል። መሬት ከተለካ ግብር ይጨመራል፣ ሳይታረስ የተገኘው ደግሞ የመንግሥት ይሆናል ይባላል። አባቷ ባላምባራስ አድማሴ ደግሞ ጉብታውን ከነምሽጉ ከአባታቸው የወረሱ ርስተኛ ናቸው።

«ሰው ስላንተ ብዙ ያወራል» አለች፣ ሜትሩን እየለቀቀች። ከዚያም ቀኑን ሙሉ ስታመላልሰው የዋለችውን ነገር አወጣችው። «እናቴም ጠየቀችኝ።»

«ምን ብለው?»

«የማን ልጅ ነው ብላ።»

ደሳለው ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሯል።

«ለምን ጠየቁ?»

«እናት ለምን ትጠይቃለች?»

እሱም ያውቃል። በዚህ አገር አንድ ሰው የማን ልጅ ነው የሚባለው፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ከልጅቱ ጋር ሥጋ አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው። ጥሩብርሃን ከዚህ የበለጠ ልትናገር አትችልም ነበር፤ ይህንንም ያለችው ጉንጯ እየጋለ ነው።

«ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው» አለ ደሳለው። «የቀረውን ነገ እንጨርሰዋለን።»

ጉብታውን ወረደች። ነጠላዋን ደጋግማ አጣፋችው፤ አሁንም አሁንም ከትከሻዋ ይወድቃል። እኔ ማን ነኝና አለች በልቧ፤ ባሏን የቀበረች፣ የገጠር አስተማሪ፤ ሜትር የምትይዝ። ምሽጉ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች።

ቤት ስትደርስ ቢሻው ቀድሟት ከአባቷ ጎን ተቀምጧል።

«በዓይኔ አየሁ እኮ ነው የምልዎት፣ ባላምባራስ! ከላይ እስከ ታች ገመድ ዘርግቶ! ደግሞ ይጽፋል።»

«ሜትር ነው፣ ገመድ አይደለም» አለች ጥሩብርሃን።

«በይ ሜትር ይሁን፤ አንች ተምረሻል። እኛን ግን የበላን ገመዱ ነው፣ ስሙ አይደለም።»

ባላምባራስ አድማሴ ረጅም፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ግራ እጃቸው ከጦርነቱ ወዲህ እንደልብ አይዘረጋም። እሳቱን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ነገ እጠምዳለሁ» አሉ።

«የት?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ። «ያ ሁሉ ሜዳ ሳይዘራ?»

«ጉብታው ላይ። ምሽጉን አርሸ ልድፈነው። ያልታረሰ ከሆነ ነው አይደል የሚወስዱት? ታርሶ ያግኙት።»

ጥሩብርሃን ወደ እሳቱ ተጠጋች። አባቷ በዚያ ምሽግ ውስጥ አንድ ክረምትና በጋ ከርመዋል። ወንድማቸው ገብረማርያም የወደቀው እዚያ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ደምዎን ያፈሰሱበትን?»

«ደሜን ያፈሰስኩበት ስለሆነ ነው፣ ልጀ። ጣሊያንን የከለከልሁትን ገመድ ለያዘ ልስጠው?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ጥሩብርሃን ከእናቷ ዓይን ለመሸሽ ወጥታ ደጅ ቆመች። ነገ ደሳለው ጉብታው ላይ ሲደርስ በሬዎቹን ያገኛል። መሄጃ ምክንያት ፈልጎ ከሆነ አባቷ ሰጡት ማለት ነው። ይህን ስታስብ ያዘነችው ለምሽጉ ይሁን ለራሷ መለየት አቃታት።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር፤ ገና ማለዳ ነው። ባላምባራስ በሬዎቹን ምሽጉ ጫፍ ላይ ጠምደው ሲያበቁ ቢሻው ለማገዝ፣ ጥሩብርሃን ለመለመን ተከትለዋቸው ወጥተዋል። የመጀመሪያው ትልም የምሽጉን ከንፈር ሲሰነጥቅ አፈሩ ወደ ውስጥ ተናደ። ደሳለው በዚያች ሰዓት ደረሰ። የሥዕል ሰሌዳውን ሣሩ ላይ ጣለና ሮጦ ምሽጉ ውስጥ ገባ፤ ከበሬዎቹ ፊት ቆመ።

«ውጣ!» አሉ ባላምባራስ።

«ይማሩኝ፣ ባላምባራስ። አልወጣም። እኔ መሬት አልለካም።»

«ገመድ ይዘህ ትዞራለህ፤ በወረቀት ትጽፋለህ። ታዲያ የምትለካው ምንድን ነው፣ ሰማይ?»

«እርስዎ የቆሙበትን ነው።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እዚያ ላይ ያለው የጣሊያን ምሽግ ስሚንቶ ነው። ድንጋዩ ግማሹ ቢወሰድ እንኳ መሠረቱ ይቀራል። የእናንተ አፈር ነው። ይህን ካረሱት፣ ነገ ልጅ መጥቶ ሲያይ እዚህ ጉብታ ላይ ጣሊያን ብቻ የነበረ ይመስለዋል። ከማን ጋር እንደተዋጋ ማን ያሳየዋል?»

ባላምባራስ ጅራፉን ዝቅ አደረጉ። በሬዎቹ ቆሙ።

«አነጋገርህ የጨዋ ልጅ ነው» አሉ ባላምባራስ። «የማን ልጅ ነህ?»

ጥሩብርሃን እጆቿን ጨበጠች። ያው ጥያቄ ነው። ደሳለው እሷን አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«አላውቅም።»

«አባቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ አለ?» አለ ቢሻው።

«አለ» አለ ደሳለው። «ጣሊያን በወጣበት ክረምት ነው። ከደብረ ታቦር ወደዚህ በሚወርደው መንገድ ዳር ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ የጭነት መኪና ነጂ አገኘኝ ይባላል። ገና አፌን አልፈታሁም። አዲስ አበባ ወስዶ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሰጠኝ። የአባት ስም ሲጠይቁት፣ ማናዬ በሉት፣ የኔን ስም ውሰዱ አላቸው። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። ስለራሴ የማውቀው ይኸው ነው። ይህን ሥራ ስጡኝ ብዬ የለመንኩትም መንገዱ ወደዚህ ስለሆነ ነው።»

ጥሩብርሃን የተገለበጠው አፈር ላይ ተቀመጠች። ትናንት ዝም ያላት ስላልፈለጋት አልነበረም። የሚሰጣት መልስ ስላልነበረው ነው። ደስታው መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከደስታው ሥር ሌላ ነገር መጣ። የደብረ ታቦር መንገድ። ጣሊያን የወጣበት ክረምት። አባቷን ቀና ብላ አየች፤ እሳቸውም ያሰቡት ያንኑ እንደሆነ ከፊታቸው አወቀች።

ባላምባራስ ዕርፉን ለቀቁ። ወደ ምሽጉ ወርደው፣ ሣር የሸፈነው አንድ እጥፋት ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ወንድሜ ገብረማርያም እዚህ ላይ ወደቀ» አሉ። «ሚስቱ ሕፃን አዝላ ወደ ደብረ ታቦር ሸሸች። እሷም ሕፃኑም አልተመለሱም። ከዚህ የወደቁት ሌሎቹም ልጅ ነበራቸው። የማናቸው እንደሆንክ የሚነግርህ የለም። ከነዚህ ካንዳቸው አትወጣም ብየ ግን አልምልም።» ወደ ደሳለው ዞሩ። «እኔን እግዜር ወንድ ልጅ አልሰጠኝም። ከፈቀድህ የጡት ልጀ ትሆናለህ። እሑድ መምሬን ጠርቸ፣ በሰው ፊት ጣቴን አጠባሃለሁ። ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ ነህ ያለህ፣ የአድማሴ ነኝ በለው።»

ደሳለው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲነሣ ጥሩብርሃን ፊቱን አየችው። ከተዋወቁ ጀምሮ ዓይኑ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም ነበር፤ ሲያወራም መንገዱን ያያል። አሁን አርፏል። ሸክም አውርዶ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።

የጡት ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም። ነፍስ አባትና ምስክር ባሉበት ሰውየው ማር የነካ አውራ ጣቱን ያጠባዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ ይቀብራል። የቤቱ ሴት ልጅም እኅቱ ናት። እንደ ሥጋ እኅት።

አባቷ የሚያውቁት ነገር የለም። በደስታ በሬዎቹን ይፈታሉ።

በዚያ ሳምንት ጉብታው ላይ ሜትሩን የያዙት ባላምባራስ ነበሩ። ከቢሻው ጋር ሆነው የምሽጉን ዙሪያ ከብት እንዳይገባበት በቆንጥር አጠሩት። ማን የት እንደተኛ፣ ውሃ በየት በኩል እንደሚመጣላቸው፣ ጥይቱ የት እንደሚቀመጥ እየነገሩት ደሳለው ወረቀቱ ላይ ያሰፍራል። ጥሩብርሃን ይህን ሁሉ የምትሰማው ከእናቷ ነው። እሷ በጉብታው ሥር ማለፍ ትታ በሜዳው፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ መመላለስ ጀምራ ነበር።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ምን ልበል?» አላት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አባት ተሰጥቶህ ምን ትላለህ? እሽ ትላለህ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሰው ወድጄ አግብቻለሁ። ቀብሬዋለሁ። ነገሩን ሁሉ አይቸዋለሁ።» ይህን ያህል ስለ ባሏ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «አንተ አባት ኖሮህ አያውቅም። የአጎቴም ልጅ ብትሆንስ? ማን ያውቃል?»

«እውነቱን ንገሪኝ። እሽ በል የምትይኝ ስለምትፈልጊው ነው ወይስ ስለምታዝኚልኝ?»

ዓይኗን ሰበረች። እንባዋን እንዳያይባት ነበር። እሱ ግን እሷም ወንድምነቱን እንደምትፈልግ አድርጎ ተረዳው።

«ይሁን» አለ። «እሑድ እመጣለሁ።»

ከኋላው ልትጠራው አፏን ከፈተች። ምን ብላ እንደምትጠራው አሰበች፤ ከእሑድ በኋላ ወንድሜ ልትለው ነው። ሳትጠራው ወደ ሜዳው መንገድ ዞረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞላ። መምሬ ተክለ ሃይማኖት፣ የቤቱ ነፍስ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው መካከል ተቀመጡ። ባላምባራስ ለበዓል የሚለብሱትን ካባ ደርበዋል። ማሩ በሸክላ ቀርቧል። ቢሻው ምስክር ስለሆነ ከወትሮው ይልቅ ድምፁን ጎላ አድርጎ ያስላል።

«ባላምባራስ፣ እኔንም ያጥቡኝ እንጂ፤ ማሩ እኮ ብዙ ነው!»

«አንተ ከጠባህ ማን ያስጥልሃል?» አሉት አንዲት ጎረቤት፤ ሰው ሳቀ።

ጥሩብርሃን የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በምሰሶው አጠገብ ቆማለች። ደሳለው ነጭ ለብሶ ነው የመጣው። ወደሷ አላየም።

«ተንበርከክ፣ ልጀ» አሉ መምሬ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። «አድማሴ፣ ይህን ልጅ እንደ ወለድኸው ትቀበለዋለህ?»

«እቀበለዋለሁ።»

«አንተስ፣ እኒህን አባቴ፣ ሸዋነሽን እናቴ፣ ጥሩብርሃንን እኅቴ ብለህ ትኖራለህ?»

ባላምባራስ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ዘረጉ። ደሳለው ቀና አለ። ጣቱ ከከንፈሩ ፊት ነው። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን፣ ጥሩብርሃንን አያት። ፊቱ ላይ ያለፈው ሳምንት እረፍት አልነበረም።

«አልችልም» አለ።

ባላምባራስ ወደሱ ጎንበስ አሉ።

«ምን አልህ?»

«ይማሩኝ፣ አባባ። ልጅዎ መሆን አልችልም።»

«ንቀኸን ነው?» አሉ ባላምባራስ። ጣታቸው እንደተዘረጋ ነው፤ ማሩ ወደ እጅ አንጓቸው ይወርዳል። «ገበሬ ስለሆንሁ ነው? እኔ ቤቴን፣ ስሜን ሰጠሁህ። በሰው ፊት ይህን ታደርገኛለህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገር!»

ደሳለው ጭንቅላቱን ደፍቶ ተንበርክኮ ቆየ። ከወዲያ ወዲህ መንሾካሾክ ተጀመረ፤ አንዱ ዘረ ቢስ አለ፣ ሌላው ሰላይ አለ። ደሳለው ሁሉንም ይሰማል፤ ተነሥቶ ወደ በሩ ዞረ። ጥሩብርሃን ገባት። ምክንያቱን ቢናገር እሷን በአባቷና በአገር ፊት ያዋርዳታል፤ ስለዚህ ውርደቱን ብቻውን ተሸክሞ ሊወጣ ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ አስከሬኑን በበሩ ሲያወጡት ምንም ሳትል ቆማ አየችው። አሁንም ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ማስታጠቢያው ከእጇ ወደቀና ውሃው መሬቱ ላይ ሮጠ።

«አባባ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «አይቆጡት። ስለኔ ነው።»

ደሳለው በሩ ላይ ቆመ።

«ይወደኛል። እኔም እወደዋለሁ። አባት አልፈልግም ያለው ስለዚህ ነው። ጣትዎን ቢጠባ ወንድሜ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ...» ጨርሳ ልትለው አልቻለችም።

ቢሻው በመዳፉ ግንባሩን መታ።

«እኔ ሞኙ መሬቱን ነው የሚለካ ብየ!»

አንዳንዱ ሊስቅ ጀመረና ባላምባራስን አይቶ ተወው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል፤ እሳቸው ግን የተደነቁ አይመስሉም ነበር።

«አድማሴ» አሉ መምሬ ተክለ ሃይማኖት ቀስ ብለው። «ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። ይህ ልጅ አንድ ቤት እንኳ አይቆጠርለትም። የገብረማርያም ልጅ ቢሆንስ? እኔ ሳላውቅ እጄን ዘርግቸ አልባርክም።»

«አውቃለሁ፣ መምሬ።» ባላምባራስ ጣታቸውን በካባቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ማሩ አልለቅ ብሏቸው ደጋግመው ጠረጉት። ከዚያ ደሳለውን ጠሩት። «ወዲህ ና። ልጀን ሳትጠይቀኝ ወደድህ።»

«አዎ።»

«የሰጠሁህን አባትነት በሰው ፊት መለስኽብኝ።»

«አዎ። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ነገር የሰጠኝ ሰው የለም።» ጥሩብርሃንን አየ። «ሁለቱን አንድ ላይ የምይዝበት መንገድ ቢኖር ኖሮ...»

«የለም» አሉ ባላምባራስ። «መንገዱ አንድ ነው። ነገ በቅሎየን ጭኘ ወደ ደብረ ታቦር እወጣለሁ። የወንድሜን ሚስት ያየ፣ የዚያን ነጂ መድረሻ የሚያውቅ፣ በዚያ ክረምት በመንገዱ ላይ ልጅ የጠፋበት ሰው ካለ፣ እስከ ፋሲካ እየዞርሁ እጠይቃለሁ። የገብረማርያም ልጅ ሆነህ ከተገኘህ ጣቴን ትጠባለህ፤ እሷም እኅትህ ናት፤ ሁለታችሁም ያን ትውጣላችሁ። የኛ ሥጋ እንዳልሆንህ ከታወቀ፣ ወይም ፈልገን ፈልገን አንድም ሰው ካላወቀህ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ። መምሬ፣ ይህ ይበቃል?»

መምሬ መስቀላቸውን አገላበጡ። «ተፈልጎ ከታጣ፣ ፈቃዱ የእግዚአብሔር ነው እንላለን።»

«የምልከው ሽማግሌ የለኝም» አለ ደሳለው።

«እኔ አለሁ!» አለ ቢሻው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ቃላድ ጣይ ነው ብየ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌም እሆንልሃለሁ። ወረታና ሐሙሲት ገበያ ላይም እጮኻለሁ፤ አፌ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ባላምባራስ በቅሏቸውን ይዘው ሄዱ። ደሳለው የምሽጉን ሥዕል ጨርሶ ፈርሞበት ነበር፤ በጎንደር መንገድ ላይ ያለ ሌላ ምሽግ ይጠብቀዋል። መኪናው እስኪመጣ እሱና ጥሩብርሃን ወረታ ላይ፣ ገበያ በሚወጣ ሰው መካከል ቆሙ። የሚያያቸው ብዙ ስለሆነ እጅ አልተያያዙም።

«የሚያውቀኝ ሰው ቢገኝ» አላት፣ «እናቴ እንኳ በሕይወት ብትኖር... ያን ሳስብ ልቤ ይዘላል። ወዲያው ደግሞ አንቺን አስባለሁ። የቱን እንደምመኝ አላውቅም።»

«እግዜር የሚሻልህን ይስጥህ» አለችው።

መኪናው አቧራውን ከኋላው ጥሎ ሲጠፋ፣ ከገበያው መካከል የቢሻው ድምፅ ተነሣ። በጣሊያን መውጫ ክረምት በደብረ ታቦር መንገድ ልጅ የጠፋባችሁ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ እያለ ይጮኻል። ሰው ቆሞ ያዳምጣል። አንዲት አሮጊት ቅርጫታቸውን አስቀመጡና ወደሱ ተጠጉ፤ አንዳች ነገር ጠየቁት። ጥሩብርሃን መንገዷን ትታ ቆመች። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ቅርጫታቸውን መልሰው እስኪያነሡ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ወደ ቤት ስትመለስ ቁሐር ሚካኤል በር ላይ ቆማ ተሳለመች። አባቷ በሰላም እንዲገቡ ልትለምን ነበር የቆመችው። የአጎቷን ሚስት፣ ያን ሕፃን፣ ልጇን ያጣች እናት ካለችም እሷን አስባት ልትል ነበር። ከከንፈሯ የወጣው ግን ሌላ ነው። ማንም እንዳይገኝ፣ አንድም የሚያውቀው ሰው እንዳይመጣ፣ ያለ ዘመድ እንዳለ ለኔ እንዲቀርልኝ ብላ ለመነች።

የገዛ ቃሏን ስትሰማ ደነገጠች። ግንባሯን የበሩ ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ጸሎቱን ልትመልሰው ፈልጋ ብዙ ቆየች። አልመለሰችውም።